አሮጌ ሂሉክስ ሲያንጠባጥብና ሲንኳኳ፦ ዕቃ ከመቀየር በፊት ምንጩን ማግኘት

በአንድ ወቅት ከሂሉክሴ ሥር፣ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚጋጠሙበት ቦታ በታች፣ በየማለዳው ጥቁር የዘይት ጠብታ አገኝ ነበር። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና «የኋላው ፓራኦሊዮ አልቋል» አለኝ። ፓራኦሊዮ የሚባለው የሚሽከረከር ዘንግ ከቤቱ በሚወጣበት በኩል ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ርካሽ ነው፤ እርሱ ዘንድ ለመድረስ ግን ካምቢዮው መውረድ፣ ፍሪሲዮኑም መፈታት አለበት። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ማለዳ ጠብታው እዚያው ቦታው ላይ ጠበቀኝ። ያን ጊዜ ሞተሩን አጥቤና አድርቄ፣ ጥቂት ነድቼ በእጅ ባትሪ ስመለከት ዘይቱ የሚነሳው ከላይ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን የኋላ ጥግ ሆኖ ተገኘ። የሞተሩን ጀርባ ተከትሎ ይወርድና የካምቢዮውን ቤት ዞሮ ከታች ይንጠባጠባል። የደረቀውን የክዳን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባውን ማሸጊያ፣ መቀየር የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አልሆነም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ ባለመኪና ያንን የሁለት ቀን ሥራ በከንቱ እንዳይከፍል ነው። ዘይት ከተነሳበት ርቆ ይንጠባጠባል፤ ድምፅም በሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን በተሸከመው የብረት አጽም ላይ ተጉዞ ሌላ ቦታ ይሰማል። ምንጩን ሳያዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብን መሬት ላይ ማፍሰስ ነው።

የማተኩረው በአገራችን መንገዶች ላይ አሁንም በሚሠሩት ሁለት የናፍጣ ሂሉክሶች ላይ ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1988 ከጀመረው ትውልድ ውስጥ ያለው ኤልኤን 106 ነው። ሞተሩ 2.8 ሊትር 3ኤል ሲሆን የፊቱም የኋላውም አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ብረት) ድፍን ሆኖ በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የመጣው ኤልኤን 166 ነው። የዚህ ትውልድ ናፍጣ ሂሉክስ ብዙ ጊዜ 3ኤል ወይም 3.0 ሊትር 5ኤል ሞተር ይይዛል፤ ኋላው እንደ ቀድሞው ባሌስትራ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው በቶርሽን ባር፣ ማለትም በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ይሸከማል። ሁለቱ ከሩቅ ቢመሳሰሉም የፊት እግራቸው ሕመም የተለያየ ነውና የትኛው እንዳለዎት አስቀድመው ይለዩ። የቀረው ዘዴ ለማንኛውም አሮጌ ፒክአፕ ይሠራል።

ከሥሩ ከመግባትዎ በፊት

መኪናውን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ፤ የማይነሱትን ጎማዎች በሁለቱም በኩል ሽብልቅ ያድርጉባቸው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ከፍ ካደረጉት በኋላ ሻንሲውን ወይም አክስሉን በብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉ፤ መቆሚያ ከሌለ ወፍራም የእንጨት ጉማጆችን እየተላለፉ ይደርድሩ፤ የተፈታ ጎማ ካለም ለተጨማሪ ዋስትና ከሻንሲው ሥር ያስገቡ። በድንጋይና በብሎኬት መደገፍ በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ እባክዎ አያድርጉት። ድንጋይ በውስጡ ያለውን ስንጥቅ አያሳይም፤ ብሎኬትም ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል።

ሌላም ሁለት ነገር አለ። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይክፈቱ። ሞተሩ እየሠራ ወደ ኢንጀክተሮቹ (ናፍጣን ወደ ሞተሩ ወደሚረጩት ዕቃዎች) በሚሄዱት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ላይ ናፍጣ የሚረጭ ከመሰለዎት በጣትዎ አይዳስሱት። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ መስሎ እጅን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። በካርቶን ቁራጭ ይፈትሹ።

ጠብታውን ማንነቱን መጠየቅ

1. ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በሳሙና ውሃና በብሩሽ ያጥቡት። ዲናሞውንና የአየር ማስገቢያውን በላስቲክ ይሸፍኑ። በናፍጣ ማጠብ የተለመደ ቢሆንም ለምርመራ አይበጅም፤ የጎማ ዕቃዎችን ያለሰልሳል፣ ሽታውም እውነተኛውን የናፍጣ ፍሳሽ ይሸፍንብዎታል።

2. አሥር ወይም አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ያድርቁት።

3. ማታ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ። የፊት ጎማዎቹ የሚያርፉበትን መስመር በእስክሪብቶ ያስምሩ፤ ጠዋት ካርቶኑን ሲያወጡ ጠብታው ከየትኛው ዕቃ ሥር እንደነበር የሚነግርዎት ይህ መስመር ነው።

4. ጠብታው በየትኛው አካባቢ እንደሆነ ካወቁ በኋላ ያንን ቦታ ደግመው ያድርቁና የሕፃናት ፓውደር ይንፉበት። አጭር መንገድ ነድተው ይመለሱ። ነጩ ዱቄት ላይ ዘይቱ ጠቆር ያለ መስመር ያሰምራል። መስመሩን ወደ ላይና ወደ ፊት ይከተሉ፤ በጉዞ ላይ ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ከሁሉም በላይና ከሁሉም ፊት ያለው እርጥብ ነጥብ ምንጩ ነው።

ቀለሙና ሽታው ብዙ ይናገራል። የናፍጣ ሞተር ዘይት እንደ ከሰል ይጠቁራል። የዲፈረንሻል (በአክስሉ መሐል ያለው የጥርስ ቤት) እና የካምቢዮ ዘይት ወፍራምና ቡናማ ሆኖ የድኝ ሽታ አለው፤ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። በመሪ ፖምፓው ውስጥ ያለው ዘይት ቀይ ነው፤ ሲያረጅ ወደ ቡናማነት ይሄዳል። የራዲያተር ፈሳሽ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሲሆን ጣፋጭ ሽታ አለው፤ ነገር ግን መርዝ ነውና በምላስ አይቅመሱት፣ ልጅና ውሻ የሚደርሱበትም አይተዉት። ባዶ ውሃ ሲሞላ የኖረ ራዲያተር ግን የሚያፈሰው የዝገት ውሃ ነው። የፍሬን ዘይት ቀጭንና አንሸራታች ነው፤ ከተጠራጠሩ አንድ ጠብታ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩ። የፍሬን ዘይት ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፤ የሞተር ወይም የዲፈረንሻል ዘይት ግን ከላይ ይንሳፈፋል። የአየር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና በቆመበት ንጹሕ ውሃ ቢያንጠባጥብ ጤነኛ ነው።

ሞተሩን ከላይ ወደ ታች

ከክዳኑ ይጀምሩ። የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን በሙቀት እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ የኋላውን ጥግ በዓይን ማየት ስለሚያስቸግር በትንሽ መስታወት ይመልከቱት። ክዳኑ ላይ ያሉትን ዳዶዎች አጥብቆ በማሰር ፍሳሹን ለማቆም አይሞክሩ። ክዳኑ ይጣመምና አዲስ ጓርኒሲዮን እንኳ አይይዘውም።

ቀጥሎ ወደ ዲናሞው ይሂዱ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪዩም ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሟል፤ የሚለሰልሰውም ከሞተሩ በሚመጣ ዘይት ነው። ዘይት የሚያመጣና የሚመልስ ቱቦ አለው፤ ጎማው ሲያረጅ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ከዲናሞ ዘይት ይፈስሳል ብሎ የሚጠብቅ የለምና ጥፋቱ ሁሉ በሞተሩ ላይ ይለጠፋል። ዘይት ወደ ዲናሞው ውስጥ ከገባ ዲናሞው ራሱ ይበላሻል፤ የሚያመጣው ቱቦ ከፈነዳ ደግሞ ሞተሩ በአጭር ጊዜ ዘይቱን ይጨርሳል። ቱቦዎቹን በጣትዎ ይጫኑ፤ ከደረቁ ወይም እንደ ሊጥ ከለሰለሱ ሳይዘገዩ ይቀይሩ።

በዳሽቦርዱ ላይ የዘይት መብራት የሚያበራው ትንሽ መሣሪያም በውስጡ ተቀዶ በሽቦ መሰኪያው በኩል ያፈሳል። ሽቦውን ነቅለው መሰኪያው ውስጥ ዘይት ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ከፊት በኩል ዘይት ካለ ነገሩ ይከብዳል። 3ኤልም 5ኤልም የጊዜ ቀበቶ ያላቸው ሞተሮች ናቸው። ከቀበቶው ሽፋን ሥር ዘይት ከወጣ የላይኛው ወይም የታችኛው ዘንግ ፓራኦሊዮ አልፏል ማለት ነው፤ ዘይት የነካው ቀበቶ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። ቀበቶው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ባልቦላዎቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ። ስለዚህ ይህን ፍሳሽ ሲያዩ ፓራኦሊዮዎቹንና ቀበቶውን አብረው ይቀይሩ፤ ቀበቶው የተቀየረበትን የማያውቁ ከሆነማ ከነጭራሹ አይጠብቁ። መደበኛ የመቀየሪያ ጊዜው 100,000 ኪሎ ሜትር ነው።

በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያፈስ ሞተር ካጋጠመዎት ጓርኒሲዮን ከመግዛትዎ በፊት የውስጥ ግፊቱን ይፈትሹ። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው ሳያነሱት በቦታው ይተዉት። ክዳኑ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለውም። የሚዘልና ጭስ የሚተፋ ከሆነ ግን ውስጡ ከመጠን በላይ ታምቋል። መጀመሪያ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ መዘጋቱን ይመልከቱ፤ ቱቦውን ማጽዳት ምንም አያስከፍልም። ቱቦው ክፍት ከሆነ የፒስተን ቀለበቶቹ ማለቃቸው ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ ፓራኦሊዮ ቢያስገቡም ግፊቱ ገፍቶት ያልፋል።

ውሃ

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሞተሩ የሚሠራበት ሙቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም። መፍያውን ከፍ አድርጎ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነውና ጎማው የተበላ ክዳን በደጋው ላይ ትልቅ ጥፋት ያመጣል። መኪናው ውሃ እየጎደለ ምንም ጠብታ ካላዩ ከክዳኑ ይጀምሩ፤ ርካሽ ነው።

የውሃ ፖምፓው ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው የተሠራው ፖምፓው ከውስጥ ሲያልቅ እንዲያስታውቅ ነው። ከዚያ ውሃ ከወጣ ወይም የደረቀ የዝገት መስመር ካለ ፖምፓውን መቀየር ነው፤ ቀዳዳውን በማጣበቂያ የደፈኑ ሰዎች አይቻለሁ፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ብዙም አልቆየላቸውም። በጋቢና ውስጥ የተሳፋሪው ምንጣፍ ከረጠበና መስታወቱ ጣፋጭ ሽታ ባለው ጉም ከተሸፈነ ምንጩ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው።

ውሃው ወደ ውጭ የማይፈስስ ከሆነ ቴስታታውን ይጠርጥሩ። ማለዳ፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ አስነስተው የላይኛውን ወፍራም የራዲያተር ቱቦ ይጨብጡ። በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ገና ሳይሞቅ፣ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የቃጠሎ ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ካለ አይንዱት።

ናፍጣ፣ ፍሬን፣ መሪ

ማለዳ ለመነሳት የሚያስቸግርና ከተነሳ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጤነኛ የሆነ ሞተር ብዙ ጊዜ ናፍጣ ከማፍሰስ ይልቅ አየር እየሳበ ነው። የናፍጣ ቱቦዎቹንና የማጣሪያውን የእጅ ፖምፓ ይመልከቱ። የዘይት መለኪያው ላይ ዘይቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ እያለ ከመጣ፣ ሽታውም ናፍጣ ናፍጣ ካለ፣ ናፍጣው ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ዘይቱን እያቀጠነ ነው።

የፍሬን ዘይት ጠብታ ግን ለነገ አይተውም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርዱ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ፔዳሉ ወለል ቢነካ የሚያግዝዎት የለም። አራቱንም ጎማ ከውስጥ በኩል፣ የብረት ቱቦዎቹን በተለይ ጭቃ በሚከማችባቸው የሻንሲ ጥጎች ይመልከቱ። ውጭ ምንም ሳይታይ ዘይቱ ከጎደለ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ወደ ቫኪዩም ማገዣው ውስጥ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ የያዙትን ብሎኖች ፈትተው ፖምፓውን ጥቂት ወደ ፊት ሳብ ሲያደርጉት መጋጠሚያው እርጥብ ሆኖ ይገኛል። የፍሪሲዮኑ ታችኛ ፖምፓ በካምቢዮው ቤት ጎን ነው፤ የጎማ ሽፋኑን ገልጠው ዘይት ካለበት አልቋል።

የመሪው ቀይ ዘይት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከመሪ ሳጥኑ ሥር፣ ክንዱ ከሚያያዝበት ዘንግ ላይ ነው። በዝግታ የሚያልብ ከሆነ ደረጃውን እየተከታተሉ መንዳት ይቻላል።

ዲፈረንሻልና የፊት ኳስ

የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል ረጥቦ ካዩ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ የፍሬን ሲሊንደሩና የአክስሉ ፓራኦሊዮ። ሽታውና የብርጭቆው ፈተና ይለያቸዋል። ሁለቱም የፍሬን ሸራውን ያበላሻሉ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም።

የዲፈረንሻል ዘይት ሆኖ ከተገኘ ወደ ዕቃ መሸጫ ከመሄድዎ በፊት በአክስሉ ላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ ይፈልጉ። ዲፈረንሻል ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መውጫው በጭቃ ከተደፈነ አየሩ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋል። ወንዝ ሲሻገሩ ደግሞ የጋለው ብረት በድንገት ይቀዘቅዝና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። በክረምት ወንዝ የተሻገረ መኪና ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከወጣ ምክንያቱ ይህ ነው። መተንፈሻዋን ፈትተው በናፍጣ ያጥቡና በአፍዎ ሳይሆን በአየር መንፊያ ይንፉባት።

መተንፈሻው ክፍት ሆኖ አሁንም ካፈሰሰ ፓራኦሊዮው ይቀየር፤ ዘንጉ ሲወጣ ግን ሁለት ነገር ይመርምሩ። የጎማው ከንፈር የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍርዎ ይዳብሱ፤ ጥፍርዎ የሚይዝበት ጎድጓዳ መስመር ካለ አዲሱም ቀለበት እዚያው ያፈሳል። ኩሽኔታውንም ያሽከርክሩት፤ የሚነቃነቅ ኩሽኔታ አዲስ ፓራኦሊዮ በጥቂት ሳምንት ይበላል።

አሁን ወደ ኤልኤን 106 የፊት አክስል እንምጣ። ከፊት ጎማ ጀርባ ትልቅ የብረት ኳስ ይታያል፤ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞረው በዚህ ኳስ ላይ ነው፤ ኃይል የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያም በውስጡ በግራሶ ተሞልቶ ይኖራል። ኳሱ ላይ ስስ የግራሶ ሽፋን ቢኖር እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ከዝገት ይጠብቀዋል። ቀጭን ጥቁር ሾርባ እየወረደ ጎማውን ከውስጥ ካቆሸሸ ግን በአክስሉ ውስጥ ያለው ፓራኦሊዮ አልፎ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተቀላቅሏል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በኳሱ ቤት ላይ ያለችውን የመሙያ ብሎን ፈትተው ቀጭን ሽቦ ያስገቡ። ሽቦው ወፍራም ግራሶ ይዞ ከወጣ ደህና ነው። የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ይዞ ከወጣ የዲፈረንሻሉን ደረጃ በዚያው ሰዓት ይመልከቱ፤ ጎድሎ ያገኙታል። ውጪኛውን መጥረጊያ ጎማ ብቻ መቀየር ፍሳሹን ይደብቃል እንጂ አያቆምም፤ የውስጡ መቀየር አለበት።

ድምፁን ማዳመጥ

ድምፅ ለመለየት ሬዲዮውን ይዝጉ፣ መስኮቶቹን ይክፈቱና አስቸጋሪ መንገድ ላይ በዝግታ ይንዱ። የሚያስፈልገው የድምፁ ዓይነትና የሚመጣበት ሁኔታ ነው። በትናንሽ ጉድጓዶች ላይ «ኳ ኳ» የሚል የላላ መገጣጠሚያ ነው። በቀስታ ሲነዱ «ሲጢጥ» የሚል የደረቀ ቦኮላ (በመገጣጠሚያው ፒን ዙሪያ የሚገባ ቀለበት) ወይም እርስ በእርሱ የሚፋተግ ባሌስትራ ነው። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚያጉረመርም ኩሽኔታ ነው። መኪናው ሲነሳና ሲቆም አንድ ጊዜ «ቋ» የሚል ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል በሚሄደው ዘንግ ላይ ያለው ክሮቼራ (የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ) ወይም ተንሸራታች መጋጠሚያው ነው። ባዶ ሲሆን ጮሆ ሲጫን ዝም የሚል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከባሌስትራው ጫፎች ይመጣል።

ከዚያ ነጻ የሆነውን ነገር አስቀድመው ይጨርሱ። ትርፍ ጎማውን በእጅዎ ይነቅንቁት፤ ሰንሰለቱ ላልቶ በካሶኒው (በጭነት ሳጥኑ) ሥር የሚደልቅ ትርፍ ጎማ ብዙ ሰው ለአሞርዛተር (የመኪናውን መወዛወዝ ለሚያበርደው ዕቃ) ገንዘብ እንዲያወጣ አድርጓል። ክሪኩንና መፍቻዎቹን ከመቀመጫው ጀርባ ያውጡ። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ከቀዘቀዘ በኋላ ይዘው ይወዝውዙ። ካሶኒውን ከሻንሲው ጋር የያዙትን ብሎኖችና ከጋቢናው ሥር ያሉትን የጎማ ትራሶች ይመልከቱ። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

አሁን ረዳት ያስፈልግዎታል። አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ ተነስቶ ረዳቱ መሪውን በትንሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ያንቀሳቅስ። እርስዎ ከጎን ሆነው በእያንዳንዱ ቴስቲና (በመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ባለው መገጣጠሚያ) ላይ እጅዎን ያሳርፉ፤ ጣቶችዎን በሚቆነጥጥ ቦታ አያስገቡ። ሁለቱ ብረቶች አብረው ከሄዱ ጤነኛ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ ልቅነቱ በመዳፍዎ ይሰማዎታል። ጆሮ የሚሳሳተውን ያህል መዳፍ አይሳሳትም።

ቀጥሎ የፊቱን አንድ ጎማ ያንሱና መኪናውን በመቆሚያ ላይ ያሳርፉ። ጎማውን አንድ እጅ ከላይ አንድ እጅ ከታች አድርገው ይነቅንቁ። ከተነቃነቀ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ላልቷል። ሳይጠፋ ከቀረ ግን ልቅነቱ ከዚያ ወደ ውስጥ ነው፦ በኤልኤን 166 ላይ ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ቦል ጆይንት፣ በኤልኤን 106 ላይ ኳሱን ከላይና ከታች የያዙት ኩሽኔታዎች። ከዚያ እጆችዎን ግራና ቀኝ አድርገው ይድገሙት፤ በዚህ አቅጣጫ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ ቴስቲናውን ይመርምሩ። ይህች የፍሬን ዘዴ ከማውቃቸው ሁሉ በጣም የምወዳት ናት፤ ምንም መሣሪያ ሳትጠይቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ትለያለች። በኤልኤን 106 የኳሱ ኩሽኔታዎች ሲያልቁ ጉድጓድ ከመቱ በኋላ መሪው በኃይል የሚርገበገብበት ሁኔታም ይመጣል፤ ያን ሲያዩ የጎማ ሚዛን ብቻ አስተካክለው አይለፉት።

ባሌስትራው ላይ ሲደርሱ ባትሪውን አቅርበው ቀዩን ዱቄት ይፈልጉ። ይህን የተማርኩት በአንድ ግራ ፊት የሚንኳኳ ኤልኤን 106 ላይ ነው። አሞርዛተሮቹ አዲስ ነበሩ፤ ቦኮላዎቹም ተቀይረዋል፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ሳጸዳ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፎ ከያዘው የዩ ቅርጽ ብሎን ዳዶ ሥር፣ እንደ በርበሬ የላመ ቀይ የዝገት ዱቄት ወጣ፤ ከጎኑ ያለው ብረትም እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚተወው ምልክት ይህ ነው። ዳዶው በዓይን የጠበቀ ቢመስልም በቁልፍ ከአንድ ዙር በላይ ሄደ። ያን ቀን ማታ መኪናው ጸጥ ብሎ ሄደ። እነዚህ ብሎኖች ላልተው ከቆዩ የባሌስትራው የመሐል ብሎን ይቆረጥና አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በጎኑ የሚሄድ ከመሰለ ወዲያውኑ ያቁሙት።

የባሌስትራውን ቅጠሎች አንድ በአንድ ይቃኙ። የተሰነጠቀው ቅጠል ቀጭን የዝገት መስመር ያሳያል ወይም ከሌሎቹ ወጣ ይላል። ጫፉ ላይ ያለውን ማንጠልጠያ በረጅም የብረት ዘንግ ፈልቀቅ ሲያደርጉት ፒኑ በቦኮላው ውስጥ የሚዘል ከሆነ ቦኮላው አልቋል። አሞርዛተሩን በተመለከተ ስስ የዘይት ወዝ አያሳስብም፤ አቧራ የያዘ ወፍራም ዘይት እስከ ታች ከወረደበት ግን ሞቷል። መኪናውን ከጥግ ተጭኖ የመልቀቅ ፈተና በባሌስትራ መኪና ላይ ብዙም አይነግርም፤ ባሌስትራው ራሱ በፍትጊያው ይይዘዋልና። የላይና የታች ጎማዎቹን መመልከት ይሻላል።

በኤልኤን 166 ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ፊቱ ከፍ እንዲል ቶርሽን ባሩን ያላግባብ ያጠበቁ ብዙ ናቸው። ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ክንዱ ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ ያጣና ጎማው ከጉብታ በወረደ ቁጥር ማቆሚያውን «ዷ» አድርጎ ይመታል። መኪናው በቆመበት በላይኛው ክንድና በማቆሚያው ጎማ መካከል ክፍተት ከሌለ ድምፁን አግኝተዋል፤ መድኃኒቱ ባሩን ማላላት ነው።

የሚያጉረመርም ድምፅ ከሆነ ባዶና ሰፊ መንገድ ላይ መኪናውን በለዘብታ ወደ ግራ ያዘንብሉት። ያን ጊዜ ክብደቱ በቀኝ ጎማዎች ላይ ይወድቃል፤ ድምፁ ከጨመረ የቀኙ ኩሽኔታ ነው። ክሮቼራውን ለመፈተሽ ደግሞ ጎማዎቹን በሽብልቅ ይያዙና ማርሹን ነጻ ያድርጉ፤ ዘንጉን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ያዙሩ። በክሮቼራው ክንዶች መካከል መንቀሳቀስ ካለ ይቀየር፤ ከሌለና ድምፁ በመነሳት ጊዜ ብቻ ከሆነ በግራሶ ፖምፓ ክሮቼራዎቹንና ተንሸራታቹን መጋጠሚያ ይሙሉና ለአንድ ሳምንት ይንዱት። ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል።

የዩ ቅርጽ ብሎኖቹን ካሰሩ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ተመልሰው ያጥብቋቸው። ከማንኛውም ዘይት ጥገና በኋላም ያንን ካርቶን አይጣሉት፤ ገልብጠው ንጹሑን ገጽ ለሦስት ሌሊት ከመኪናው ሥር ያንጥፉት።